ቅርጻ ቅርጽ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ምን እየገዛችሁ እንደሆነ እወቁ

ሥዕል ሲገዛ የማይሞኝ ሰው ቅርጻ ቅርጽ ላይ ሲደርስ ይሞኛል። ሥዕል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አለቀ። ቅርጻ ቅርጽ ግን ሰባት መንትዮች ሊኖሩት ይችላሉ። በሩን አልፎ ላይገባ ይችላል። ሲብስም ሥራው ዕቃው ሳይሆን አብሮት የመጣው ወረቀት ሆኖ ይገኛል፤ ወረቀቱን ደግሞ ከማሸጊያው ካርቶን ጋር ጥላችሁታል።

ሰው የሚወድቀው ጣዕም ስለሌለው አይደለም። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ስለሚከፍል ነው፦ እዚህ ላይ ሥራው የቱ ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ደጋግሞ ተቀይሯል። የጥበቡን ለውጥ እዚህ የማነሳውም ለእውቀት ያህል ሳይሆን ሻጩን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ስለሚነግራችሁ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከሥራው በፊት ቤቱን ለኩ

ሜትር፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ያዙ። ይህን ሳትጨርሱ ጋለሪ አትግቡ፤ ከወደዳችሁት በኋላ የምትለኩት ነገር ሁልጊዜ «ይገባል» የሚል ውጤት ይሰጣል።

1. ከመንገድ እስከ ማስቀመጫው ያለውን መተላለፊያ በሙሉ ለኩ። የውጭ በር፣ የደረጃው መታጠፊያ፣ ሊፍት፣ የውስጥ በር። ከሁሉም ጠባቡን ጻፉ።

2. ከጠባቡ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። ሥራው የሚመጣው በእንጨት ሳጥን ነው፤ ሳጥኑም ቦታ ይበላል።

3. ክብደቱን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ራሳችሁ ገምቱ። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብረት 7,850፣ ነሐስ ወደ 8,800። ነሐስ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከሚታየው ይቀላል። ድንጋይ ግን ድፍን ነው። ጎንና ጎኑ 30፣ ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእብነ በረድ ሥራ 243 ኪሎ ይሆናል። ሦስት ግዙፍ ሰዎች በአንዲት ሰድር ላይ ቆመው እንደማለት ነው።

4. ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲሸከም ነው። ያንን ድንጋይ ስታስቀምጡ ወለሉ ወዲያው ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ ጭነቱ ወደ ዙሪያው ይበተናል። ግን ከ100 ኪሎ በላይ ከሆነ መሐንዲስ ጠይቁ። ከሥሩም ጭነቱን የሚበትን ሰፊ ጠፍጣፋ መቆሚያ አድርጉ።

5. ዙሪያውን የምትሄዱበት 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀመጥ ሙሉ ቅርጽ ግማሹን ከፍላችሁ እንዳልገዛችሁት ቁጠሩት።

ተገዝቶ በር ላይ ከቀረ፦ ወዲያው አታጋድሉት። ውስጡ የብረት አጽም ሊኖረው ይችላል፤ በተሳሳተ ጎን ሲጋደም ክብደቱ በቀጭኑ ክፍል ላይ ያርፋል፣ እግር ወይም እጅ ይሰነጠቃል። ከመቆሚያው ይፈታ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። እስከዚያ በሳጥኑ እንዳለ ደረቅ ቦታ ይቆይ።

ደረጃ 2፦ ሥራው የቱ እንደሆነ ለዩ

ትልቁ ደረጃ ይህ ነው፤ ቸኩላችሁ አትለፉት። ፊታችሁ ያለው ሥራ ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ሳትወስኑ ስለ ዋጋ አታውሩ። አንዳንዱ ሥራ ሁለት ቦታ ይወድቃል፤ ያኔ የሁለቱንም ጥያቄ ጠይቁ።

የተጠረበ ወይም በእጅ የተበጀ

ድንጋይ፣ እንጨት፣ ሸክላ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። የሚጠየቀው «ማን ጠረበው?» ነው። ዛሬ ብዙ እብነ በረድ ከኮምፒውተር ፋይል ተነስቶ በሮቦት ክንድ ይጠረባል፤ እጅ የሚገባው ማጠናቀቂያው ላይ ነው። ነውር የለበትም። ግን ፋይሉ ካለ ሁለተኛ ቅጂም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ይህ አንድ ብቻ ነው ወይ? በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ?» በሉ።

ከቅርጽ ማውጫ የተቀዳ

ነሐስ፣ አሉሚኒየም፣ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ቁስ)። አርቲስቱ በሸክላ ወይም በጂፕስ ይሠራል፣ ማቅለጫ ቤቱ ይቀዳል። ፈረንሳዊው ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን በ1916 ሥራዎቹን ከማባዛት መብቱ ጋር ለፈረንሳይ መንግሥት ሰጠ፤ በ1917 ሞተ። ከሞተ በኋላም ነሐሶቹ በሕጋዊ መንገድ መቀዳታቸው ቀጠለ። ስለዚህ «የሮዳን ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሦስት ጥያቄ አለ፦ መቼ ተቀዳ? ማን ቀዳው? በማን ፈቃድ?

የተገጣጠመና የተበየደ

ፒካሶ በ1912 ጊታር ከካርቶን ሠራ፤ በ1914 ደግሞ ከቆርቆሮ። ከዚያ በኋላ ቅርጻ ቅርጽ መጥረብና መጠፍጠፍ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ መገጣጠምም ሆነ። ለእናንተ ይህ ማለት የሥራው ደካማ ቦታ መጋጠሚያው ነው ማለት ነው። ብየዳውን፣ ብሎኑን፣ ማጣበቂያውን ተመልከቱ። የተለያዩ ብረቶች በተነካኩበት ቦታ እርጥበት ካለ አንደኛው ሌላውን ይበላዋል።

ተራ ዕቃ

ማርሴል ዱሻን በ1917 የሽንት ማፍሰሻ ገዝቶ፣ ፈርሞበት፣ ለኤግዚቢሽን አቀረበ። ዋናው ዕቃ ጠፍቷል። ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩት በኋላ በእሱ ፈቃድ የተዘጋጁ ናቸው፤ በተለይ በ1964 በተወሰነ ቁጥር የወጡት። ዕቃው ጠፍቶም ሥራው አለ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ስትገዙ ዋጋ ያለው ቁሱ ሳይሆን ፈቃዱና ቀኑ ነው። አርቲስቱ መርጦታል? በየትኛው ዓመት? ማስረጃው የት አለ?

በፋብሪካ የተሠራ

በ1960ዎቹ ዶናልድ ጀድ ሳጥኖቹን ለፋብሪካ አዘዘ፤ ዳን ፍላቪን የሱቅ ፍሎረሰንት መብራት ገጠገጠ፤ ካርል አንድሬ 120 የእሳት ጡብ ወለል ላይ ደረደረ። የለንደኑ ቴት ሙዚየም ጡቦቹን በ1972 ገዛ፤ በ1976 ጋዜጦች ጉዳዩን አንስተው ሀገር ይያዝልን አሉ። ሰው ሁሉ «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አለ። ትሠሩታላችሁ፤ መሸጥ ግን አትችሉም። የፍላቪንን መብራት የሚያህል መብራት ማንም ይገጥማል፤ የፍላቪን ሥራ መሆኑን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት የሌለው ግን መብራት ገጠመ እንጂ ሌላ አይደለም። የተበላሸ ክፍል በአዲስ መተካት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ማን እንደሚተካው፣ መለዋወጫው አሁንም እንደሚመረት ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ አብዛኞቹ መደበኛ የፍሎረሰንት መብራቶች ለገበያ መቅረባቸው ቀርቷል፤ የመብራት ሥራ የሚገዛ ሰው መለዋወጫውን አብሮ መጠየቅ አለበት።

መመሪያና የምስክር ወረቀት

ፌሊክስ ጎንዛሌዝ ቶሬስ በ1991 ለሞተው የፍቅር ጓደኛው የሠራው ሥራ የከረሜላ ክምር ነው። መነሻ ክብደቱ 175 ፓውንድ፣ ወደ 79 ኪሎ ነው። ጎብኚ ከረሜላውን ይወስዳል፣ ክምሩ ይቀንሳል፣ ባለቤቱ ይተካል። ማውሪትሲዮ ካቴላን በ2019 ግድግዳ ላይ በቴፕ የለጠፈው ሙዝ ደግሞ በ2024 በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ሙዙ ይበሰብሳል፤ ገዢው የያዘው የምስክር ወረቀትና የአለጣጠፍ መመሪያ ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱ የሥራው ማስረጃ ሳይሆን የሥራው አካል ነው። ከጠፋ በሌላ አይተካም ብላችሁ ያዙት።

የሚያረጅ ቁስ

ኢቫ ሄስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከላቴክስ (የጎማ ዓይነት ነው) የሠራቻቸው ሥራዎች ጠቁረዋል፣ ደርቀው ይሰባበራሉ። የናኦም ጋቦ አንዳንድ የፕላስቲክ ሥራዎች ተጣመው ተሰነጣጥቀዋል። ዴሚየን ሄርስት በ1991 ፈሳሽ ውስጥ ያስቀመጠው ሻርክ ተበላሽቶ በ2006 በሌላ ሻርክ ተተካ። ላቴክስ፣ ፎም፣ ፀጉር፣ ምግብ፣ ርካሽ ፕላስቲክ ካያችሁ አርቲስቱ ስለ እርጅናው ምን እንደሚል ጠይቁ። «ይርገፍ፣ ሐሳቡ እሱ ነው» የሚል አለ። «ተኩት» የሚል አለ። ሁለቱ ሁለት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው።

ቦታው ራሱ ሥራ ሲሆን

ሪቻርድ ሴራ በ1981 ኒው ዮርክ አደባባይ ላይ 36 ሜትር የሚረዝም የብረት ግድግዳ አቆመ። በ1989 ከክርክር በኋላ ተነሳ። ለዚያ ቦታ የተሠራ ስለነበር እሱ እንዳለው ማንሳት ማፍረስ ነው። በተቃራኒው የኤል አናትሱይን የጠርሙስ ክዳን ሥራዎች አስቡ፤ በመዳብ ሽቦ የተሰፉ ናቸው፣ በተሰቀሉ ቁጥር መልካቸው ይለወጣል፣ የሚሰቅለው ሰው እጥፋቱን ይመርጣል። አንዱ ከቦታው ሲነሳ ይሞታል፣ ሌላው በየቦታው ሌላ ነው። ስትገዙ «ቤት ብቀይርስ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ለዚህ ነው።

መለየት ካቃታችሁ፦ ሻጩ ራሱ አያውቅም ማለት ሊሆን ይችላል። አርቲስቱን ወይም ወኪሉን አግኙ። አርቲስቱ በሕይወት መኖሩ የዘመኑን ሥራ መሰብሰብ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ለምን አትጠቀሙበትም?

ደረጃ 3፦ ሦስት ወር ምንም አትግዙ

አጭር ናት፤ ግን ማንም አይፈጽማትም። በእነዚህ ወራት ያገኛችሁትን ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ ዙሩ። ቁጢጥ ብላችሁ ከሥር እዩት። በስልክ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ቅረጹ፤ ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ጥሩ ጎን ያገኛል። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከምን ተሠራ፣ በምን መንገድ፣ ጀርባው ምን ይመስላል። ሁለተኛ ተመልሳችሁ ስታዩት የጻፋችሁት ስህተት ሆኖ ካገኛችሁት ዓይናችሁ መሥራት ጀምሯል።

ደረጃ 4፦ መንትዮቹን ቁጠሩ

ነሐስ ላይ 3/8 ተጽፎ ካያችሁ ከስምንቱ ሦስተኛው ነው። «ኤዲሽን» ሲሉ የምትሰሙት እነዚህን ስምንቱን ነው። በፈረንሳይ አሠራር ከአንድ ቅርጽ ማውጫ እንደ ኦሪጅናል የሚቆጠሩት 12 ናቸው፦ 8 በተራ ቁጥር፣ 4 በሮማ ቁጥር የአርቲስቱ ቅጂዎች። ሌላ ቦታ ቁጥሩን አርቲስቱ ይወስናል።

1. ጠቅላላውን ጠይቁ። «ስምንት ነው» ሲሏችሁ «የአርቲስቱን ቅጂዎች ጨምሮ?» በሉ። የአርቲስት ቅጂ ኤ.ፒ. ወይም ኢ.ኤ. ተብሎ ይጻፋል፤ እሱም ይሸጣል።

2. በሌላ መጠን ወይም ቁስ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ስምንት በነሐስ፣ ሌላ ስምንት አነስ ብሎ፣ ከዚያ ሃምሳ በሬዚን። ኤዲሽኑ ስምንት ነው ያለው ሰው አልዋሸም፤ አልጠየቃችሁትም እንጂ።

3. ሁሉም ተቀድተዋል ወይ በሉ። ብዙ አርቲስት ገንዘብ ሲመጣ ነው ቀጣዩን የሚያስቀዳው። የእናንተ 2/8 ከሆነ የቀሩት ስድስቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊቀዱ ይችላሉ።

4. ቁመቱን በሚሊ ሜትር ለኩ። ይህን አትዝለሉ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ የተሸወድኩበት ነው። አንዲት ትንሽ የነሐስ ራስ ገዛሁ። 3/8 ተብሎ ተጽፎባታል፣ የማቅለጫ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ሁሉ አማን ነው። ቤት አምጥቼ የአርቲስቱን ሙሉ የሥራ ዝርዝር የያዘውን መጽሐፍ ስከፍት ቁመቷ 32 ሴንቲ ሜትር ይላል። የእኔ 31.4 ነበረች። መጀመሪያ ሜትሩን ጠረጠርኩ። ከዚያ በባትሪ ስመለከት የዓይን ቆቧ ጠርዝ ሳሙና እንዳለቀ ለስልሷል። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ስለዚህ ከተጠናቀቀ ነሐስ ላይ ቅርጽ ወስዶ እንደገና የቀዳ ሰው ያወጣው ሁልጊዜ ከእናቱ ያጥራል። የገዛሁት ቅጂ ከቅጂ ነበር፤ ቁጥሩና ማኅተሙም አብረው ተቀድተዋል።

ገንዘቤን ያስመለሰልኝ ደረሰኙ ነው። ሻጩ በእጁ «3/8፣ ቁመት 32 ሴ.ሜ» ብሎ ጽፎ ነበር። አራት ወር ፈጅቶ መለሰ። ቁመቱን ባይጽፍ ኖሮ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም።

ነገሩ የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2009 የጀርመን ፖሊስ የዝነኛው ቀራፂ የጃኮሜቲ ናቸው የተባሉ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሐሰተኛ ሥራዎችን በአንድ ጉዳይ ይዟል።

ደረጃ 5፦ እጃችሁን አውጥታችሁ መርምሩ

ፈቃድ ጠይቁና ይህን በተራ አድርጉ። ናይትሪል ጓንት፣ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔትና ሜትር ያዙ። የጨርቅ ጓንት ያንሸራትታል፤ ተዉት።

1. መብራቱን አጥፉና ባትሪውን ከጎን አብሩ። ስንጥቅ፣ ሙሌት፣ የተጣበቀ ቦታ በጥላው ይታያል።

2. ገልብጡ ወይም ከሥር ተመልከቱ። ከሥር ያለው ሐቀኛ ነው። የብሎን ዝገት፣ አዲስ ማጣበቂያ፣ የተፋቀ ቁጥር እዚያ ነው የሚገኘው።

3. ነሐስ ነው ካሏችሁ ማግኔት አስጠጉ። ነሐስ አይስብም። በአንድ ቦታ ብቻ ከሳበ ውስጡ የብረት አጽም ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ቦታ ከሳበ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ሳይስብ ቀርቶ ከጠበቃችሁት ከቀለለ፣ ሲነኩት ካልቀዘቀዘ፣ በጥፍር ሲመታ ከማቃጨል ይልቅ ድም ካለ በነሐስ ዱቄት የተቀላቀለ ሬዚን ነው። «ኮልድ ካስት ብሮንዝ» (በቀዝቃዛው የተቀዳ ነሐስ) የሚሉት ይህ ነው፤ ስሙ ብዙ ሰው አታሏል።

4. ቀስ ብላችሁ ከአንድ ጎን በጣት ግፉት። ከተወዛወዘ መቆሚያውን ተጠራጠሩ።

5. የመብራት፣ የሞተር ወይም የስክሪን ሥራ ከሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ አስነሱት። አምስት ደቂቃ ሁሉም ይሠራል።

6. ከስምንት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ጉድለቱን በቅርብ። ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ጎኑ አድርጉ። ይህ በኋላ ከአጓጓዡና ከኢንሹራንሱ ጋር ስትነጋገሩ ምስክራችሁ ነው።

ሻጩ «አይነካም» ካለ፦ ከፊታችሁ እሱ ራሱ ያድርገው። ይህንንም እንቢ ካለ ውጡ።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱ ሳይመጣ ገንዘቡ አይሂድ

የሚከተለውን እንዳለ ገልብጣችሁ ለሻጩ ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሥራው ከመወሰናችን በፊት እነዚህን በጽሑፍ ብታሳውቁን፦ የአርቲስቱ ስም፣ የሥራው ርእስና የተሠራበት ዓመት፤ የተቀዳበት ዓመትና የማቅለጫ ቤቱ ስም፤ ቁሱ በዝርዝር፤ ቁመት፣ ስፋት፣ ጥልቀትና ክብደት፤ የኤዲሽኑ ቁጥርና ጠቅላላ ብዛት ከአርቲስት ቅጂዎች ጋር፤ እስከ ዛሬ የነበሩ ባለቤቶች በቅደም ተከተል፤ የተደረገ ጥገና፤ የአቀማመጥና የጽዳት መመሪያ፤ የምስክር ወረቀቱን ማን እንደፈረመበት። እነዚህ በደረሰኙ ላይም እንዲሰፍሩ እንፈልጋለን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋናዋ ናት። በአፍ የተነገረ በአፍ ይቀራል።

መልሱ ሲመጣ ሻጩ ራሱ ፈርሞ ያተመው የምስክር ወረቀት ብቻ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው። የአርቲስቱ፣ የወኪሉ ወይም ከሞተ በኋላ ሥራውን የሚያስተዳድረው አካል ፊርማ ይሻላል። ውድ ከሆነ የተሰረቁ ሥራዎች የሚመዘገቡበት የአርት ሎስ ሬጅስተር ላይ አስፈትሹ። ዝሆን ጥርስ፣ ዔሊ ልባስ ወይም ሌላ የዱር እንስሳ ክፍል ካለበት ደግሞ ድንበር ለመሻገር የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዳንድ ሀገር ጭራሽ አያስገባም።

አንድ ነገር አትርሱ። ዕቃውን ገዛችሁ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛችሁም። ከእሱ ላይ ቅጂ ማስቀዳት አትችሉም። በብዙ ሀገር ቀለሙን መቀየር ወይም ቆርጦ ማሳጠርም የአርቲስቱን መብት ይነካል።

ደረጃ 7፦ ክፍያና ጉዞ

በጨረታ የምትገዙ ከሆነ መዶሻው ያረፈበት ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። የአጫራቹ ኮሚሽን ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ ይበልጣል። ቀረጥ፣ ማሸግ፣ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ ከዚያ በላይ ናቸው። መጀመሪያ እነዚህን ደምራችሁ ከአቅማችሁ ቀንሱ፤ የቀረው ነው እጅ የምታነሱበት ጣሪያ።

ድንበር የሚሻገር ከሆነ የጉምሩክ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ። በ1926 የቀራፂው ብራንኩሲ «ወፍ» የተባለ የነሐስ ሥራ ኒው ዮርክ ሲደርስ ጉምሩክ ይህ ወፍ አይደለም ብሎ ከወጥ ቤትና ከሆስፒታል ዕቃ መደበው፤ 40 በመቶ ቀረጥ ጠየቀ። ፍርድ ቤት ጥበብ ነው ያለው በ1928 ነው። ዛሬም ወረቀቱ ላይ «የብረት ዕቃ» ተብሎ የተጻፈ ሥራ እንደ ብረት ዕቃ ይቀረጣል። «ኦሪጅናል ቅርጻ ቅርጽ»፣ የአርቲስቱ ስምና የኤዲሽኑ ቁጥር ይጻፍበት።

ኢንሹራንሱ ሥራው ከሻጩ ቦታ ከሚነሳበት ቅጽበት እስከ እናንተ መቆሚያ ድረስ መሸፈኑን አረጋግጡ። ብዙ ስብራት የሚደርሰው መኪና ላይ ሳይሆን ሲወጣና ሲወርድ ነው።

ሳጥኑ ሲደርስ፦ ሳትፈርሙ ዙሪያውን ፎቶ አንሱ። የተቀጠቀጠ ጥግ ካለ በመረከቢያው ላይ ጻፉ። ቀዝቃዛ ቦታ ቆይቶ ከመጣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይከፈት ይቆይ፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ሳጥኑንና ውስጡ የተቆረጠውን ፎም አትጣሉ፤ ለዚያ ሥራ የተለካ ነው፣ ስትሸጡት ወይም ቤት ስትቀይሩ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 8፦ አስቀምጡ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ

ትንሽና ቀላል ሥራ ከሆነ ከሥሩ የሙዚየም ሰም በአተር መጠን አራት ቦታ አድርጉ፤ ሰው ሲነካው አይወድቅም፣ በኋላም ይነቀላል። ሬዚን፣ ፕላስቲክና የተቀባ እንጨት ከፀሐይ ራቅ ይበል።

ጽዳት ላይ ሰው ሥራውን የሚገድለው በፍቅር ነው። በ1986 ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ውስጥ የዮሴፍ ቦይስ የቅቤ ሥራ ቆሻሻ መስሎ ጸድቷል። ቤታችሁ ለሚያጸዳ ሰው የትኛው እንደማይነካ በቃል ሳይሆን በእጃችሁ አሳዩ።

ነሐስ፦ በለስላሳ የፀጉር ብሩሽ አቧራውን ብቻ አንሱ። የብረት ማብሪያ ቅባት በጭራሽ። ቡናማው ወይም አረንጓዴው ልባስ፣ ፓቲና የሚባለው፣ ቆሻሻ ሳይሆን አርቲስቱ ያዘዘው ቀለም ነው። ውጭ የሚቆም ነሐስ በዓመት አንዴ ሰም ይቀባ፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ባለሙያ ሲሠራ ቆማችሁ እዩ።

እብነ በረድ፦ ኮምጣጤና ሎሚ ያለበት ማጽጃ ድንጋዩን ይበላዋል። ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።

ሆን ተብሎ የሚዝግ ብረት፦ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ዝገቱ እየታጠበ ይወርዳልና ከሥሩ ነጭ ንጣፍ አታድርጉ።

እርሳስ (ማዕድኑ)፦ ከኦክ እንጨት ካቢኔ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ነክታችሁት ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ።

ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

ነሐሱ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ብቅ ካለ፦ በብሩሽ አንሱትና ከሁለት ሳምንት በኋላ እዩ። ተመልሶ ከመጣ ክሎራይድ የተባለው ጨው ነሐሱን እየበላው ነው፤ ፓቲና እንዲህ አይረግፍም። በውሃ አታጥቡት። ከሌሎቹ ለዩት፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በተከደነ ሳጥን አስቀምጡት፣ እርጥበቱን ከ40 በመቶ በታች አድርጉ፣ የብረት ጥገና ባለሙያ ጥሩ።

የምስክር ወረቀቱ ከጠፋ፦ በዚያው ሳምንት ለሰጠው አካል ጻፉ። ደረሰኙን፣ ፎቶዎቹንና የጭነት ወረቀቱን አያይዙ። አንዳንዱ የምትክ ደብዳቤ ይሰጣል፣ አንዳንዱ በጭራሽ አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀቱን ስካን አድርጉና ዋናውን ከሥራው በተለየ ቦታ አስቀምጡ፤ እሳት ሁለቱንም በአንዴ እንዳይወስድ።

የሥራው መለዋወጫ መመረት ካቆመ፦ የራሳችሁን አማራጭ አትግጠሙ። ለአርቲስቱ ጽፋችሁ «በምን ልተካው?» በሉ፣ መልሱን ከምስክር ወረቀቱ ጋር አስሩ።

ከወደቀና ከተሰበረ፦ ሱፐር ግሉ አትንኩ። በችኮላ የተጣበቀ ስብራት ለጥገና ባለሙያ ከስብራቱ ይልቅ ከባድ ነው። በየካቲት 2023 ማያሚ ውስጥ አንዲት ጎብኚ የጄፍ ኩንስን ትንሽ የሸክላ ውሻ ነክታ ጣለችው። ዋጋው 42,000 ዶላር ነበር፤ ኢንሹራንስ ነበረው። ከ799ኙ አንዱ ስለነበር 798 ቀሩ፤ ስብርባሪውን ልግዛ ያለ ሰብሳቢም እዚያው ነበር። ስለዚህ መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ቁርጥራጮቹን በወደቁበት ፎቶ አንሱ። ትልልቆቹን አንድ በአንድ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሉ፣ እርስ በርስ አይነካኩ። ዱቄት የመሰለውን እንኳ በወረቀት ዝቃችሁ በላስቲክ አድርጉ፣ ቀኑንና ከየትኛው ጎን እንደወደቀ ጻፉበት። ከዚያ ለኢንሹራንሱ ደውሉ።